እናቴ ቬኒስ ስትሄድ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ከቡሄ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን እስካሁን ትዝ ሲለኝ ስብሰባ መሀል ብቻዬን እስቃለሁ። አንድ ቀን አለቃዬ «ምን ያስቃል?» ቢለኝ «እናቴ ቬኒስ ሄዳ» ብዬ ጀመርኩና ሳቁ አላስጨርስ አለኝ። ስብሰባው ስለ በጀት ነበር። እንግዲህ ያኔ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

ትርንጎ እባላለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቱሪዝም አስተምራለሁ። ሥራዬ የጉብኝት ፕሮግራም አወጣጥ ማስተማር ነው፤ እንግዳው ሳይደክም፣ ሳይዋከብ፣ እየበላና እያረፈ አንድን ከተማ በጥቂት ቀናት እንዴት አይቶ እንደሚጨርስ። ራሴን ላመስግንና ጥሩ አስተምራለሁ። ችግሩ እኔ ራሴ በአውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ተማሪዎቼም ይህን ያውቃሉ። «ቲቸር፣ የት የት አገር ሄደዋል?» ሲሉኝ እዚሁ ቅርባችን ያለችውን ትንሽ ከተማ ጠርቼ «ይፋግ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ውስጤን ግን ቅር ይለዋል።

ታናሽ እህቴ ማኅሌት ጣልያን አገር ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ከቬኒስ ብዙም በማይርቅ ከተማ አንዲት አሮጊት እየተንከባከበች ነው የምትኖረው። በቡሄ ማግስት ደወለችና «ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ አንችና እማዬ ጥቅምት ላይ ኑልኝ። አምስት ቀን ቬኒስን እያየን እንዝናና» አለችኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ግቢውን እየሮጥኩ ዞርኩት። ጎረቤታችን ውሻ ያባረረኝ መስሎት ድንጋይ አንስቶ ወጣ።

እናቴ ወይዘሮ አትጠገብ ግን ነገሩ አልገባትም።

«ለቅሶ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«ሰርግ ነው?»

«አይደለም እማዬ፣ ለመዝናናት ነው።»

«ለመዝናናትማ ወንዛዬ አለልን።»

ለእናቴ ዕረፍት ማለት የወንዛዬ ፍል ውሃ ነው። በየዓመቱ ስንቋን ቋጥራ ትሄዳለች፤ ውሃው ውስጥ ተነክራ ትውላለች፤ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስታወጋ ሰንብታ ጉልበቷ ለስልሶ ትመለሳለች። ስለዚህ ቬኒስ ውሃ ላይ የተሠራ ከተማ ነው ስላት ፊቷ በራ።

«ፍል ነው?»

«ቀዝቃዛ ነው። ደግሞ አይታጠቡበትም።»

«ታዲያ ምን ያደርጉበታል?»

«በጀልባ ይሄዱበታል።»

«እግራቸውን ምን ሆነው?»

እኔ እየሳቅሁ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ያን ክረምት ማብቂያ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም። ኢንተርኔት ላይ የቬኒስን ጎዳናዎች ፎቶ እየከፈትኩ ከአንዱ ድልድይ ወደ ሌላው በጣቴ ስሄድ እውል ነበር። የእናቴ ጉልበት የሚያርፍበት አግዳሚ የቱ ጋ እንዳለ፣ ደረጃ የሌለው ድልድይ የቱ እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ ሁሉ በቃሌ ገባ። የመጀመሪያው ቀን መራመድና መቀመጥ ብቻ፤ ሁለተኛው ቀን የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፤ ከዚያ የዓሣና የአትክልት ገበያው፣ ደሴቶቹ፤ የመጨረሻው ቀን ትልቁን ቦይ በጀልባ ከዳር እስከ ዳር።

ማርቆስ ስላት እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

«ወንጌላዊው? እሱ ምን ሊያደርግ እዚያ ሄደ?»

«አጽሙን ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ይዘውት ሄዱ ይባላል።»

«ሰርቀው?»

«እንደዚያ ነው የሚባለው።»

ብዙ ካሰበች በኋላ «እንግዲያ ጠያቂም አይኖረው። ሄደን እንየው እንጅ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉዞው ለእሷም ጉዞ ሆነ። ወዲያው ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች። በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ አንድ ድስት፣ ሁለት ብርድ ልብስ። «ማኅሌት ብርድ ልብስ አላት እኮ» ስላት «እሷ አላት፤ አብረውን ለሚያድሩት ነው» አለችኝ። ሆቴል ማለት ወንዛዬ ላይ እንደሚያርፉበት ዳስ ከሰው ጋር ተጋፍተው የሚያድሩበት መስሏት ነበር።

ጉልበቷን ልሞክረው ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን ቀን የእግር ጉዞ እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ልንለማመድ ወጣን። ደንቡን አስቀድሜ ነገርኳት። ቱሪስት ሰው ባየ ቁጥር አይቆምም፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሕንፃ ያያል፣ ያርፋል። «እሽ» አለች። ገና ከበራችን ሳንርቅ ጎረቤታችንን እማማ ሽታዬን አገኘናቸው። እንዴት ሰነበቱ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ገብሱ እንዴት ይዟል፣ የወንድማቸው ጨጓራስ ተሻለው ወይ። ከእሳቸው እንደተላቀቅን የለቅሶ ድንኳን አጋጠመን። የማን እንደሆነ አናውቅም። «አይቶ ማለፍ አለ እንዴ?» ብላ ገባች፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጠን ንፍሮ በላን። ወደ ቤት ስንመለስ ከፕሮግራሜ ሩቡ እንኳ አልተነካም።

«ቬኒስ እንዲህ አይሆንም» አልኳት ተናድጄ።

«ለምን? ሰው የለም?» አለችኝ።

ይህ ሁሉ ግን ጨዋታ ነበር። ዋናው ጭንቀት ቪዛው ነው። አንድ ባልደረባዬ «ወሳኟ ጥያቄ አንዲት ናት» አለችኝ። «‹ትመለሻለሽ ወይ?› ይሏችኋል። ካመነታችሁ አለቀ።» ይህን በሰማሁ ቀን ቤት ገብቼ ሻርፕ አሰርኩ፣ መነጽር አደረግሁ፣ ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጥኩና እናቴን ፊቴ አስቀመጥኳት።

«ወይዘሮ አትጠገብ፣ ጉብኝቱ ሲያልቅ ወደ አገርዎ ይመለሳሉ?»

«እግዜር ያውቃል።»

«እማዬ! ‹አዎ፣ እመለሳለሁ› ነው የሚባለው።»

«ምን ቆርጦኝ ነው በነገ ላይ የምምለው? ነገ የኔ ናት?»

እውነቷን ነው፤ እናቴ «ነገ ገበያ እሄዳለሁ» ብላ እንኳ አታውቅም። እኛ አገር ትልቅ ሰው ነገን በደፈናው አይናገርም፤ ያስነውራል። እኔ ግን ሌሊትና ቀን ስለቬኒስ እያለምኩ ነውር የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አባበልኳት። አንድ ቀን በስንት መከራ «አዎ» አለች። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ «እሱ ካለ» ብላ ጨመረችበት።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ቀጠሮ ደረሰንና አዲስ አበባ ሄድን። ኤምባሲው ውስጥ መስኮት ፊት የተቀመጠችው ፈረንጅ ሴት ፊቷ ጨዋ ነው፤ አይስቅም፣ አይቆጣም። ከጎኗ አንድ ወጣት አስተርጓሚ ቆሟል። እናቴ ቀደመች። እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ ከኋላዋ ባለው ወንበር ተቀምጫለሁ፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። የት ነው የሚሄዱት፣ ማን ጋ ነው የሚያርፉት፤ ደኅና መለሰች። ለምን እንደምትሄድ ስትጠየቅ «ልጄን ላይ፤ ማርቆስንም ልጠይቅ» አለች። አስተርጓሚው ማርቆስ ማን እንደሆነ ጠይቋት ሲገባው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ።

ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች።

«እማማ፣ ጉብኝትዎን ሲጨርሱ ይመለሳሉ ወይ ነው የምትለው» አለ።

«እግዜር ያውቃል።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አስተርጓሚው ግን ያለችውን ወዲያው አልተረጎመውም። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «እሱስ ልክ ነው እማማ። እንዲያው የሚጠብቅዎት ነገር አገር ቤት አለዎት ወይ?» አላት።

«ጽዋ ተቀብያለሁ እኮ» አለች እናቴ።

የልጁ ፊት ፀሐይ የወጣበት መሰለ። እኔ ደግሞ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር፤ ስለ ጽዋው ምንም አላውቅም። እናቴ በየወሩ በማርያም ቀን የሚሰበሰብ የጽዋ ማኅበር አላት። በዕለቱ መጨረሻ ጽዋውን የተቀበለ ሰው በሚመጣው ወር ማኅበርተኛውን ሁሉ ቤቱ ጠርቶ ይደግሳል። ተራው የእማማ ሽታዬ ነበር። እናቴ ግን በመስከረም ማርያም «ለኔ ስጡኝ» ብላ ለምና ቀድማ ወስዳዋለች፤ ይህን ለልጁ ስትነግረው ነው የሰማሁት። እኔ እንደምጮህባት ስለምታውቅ ጽዋውን ሳጥን ውስጥ ደብቃዋለች።

«ለምን ከተራዎ ቀደሙ?» አላት ልጁ፤ አሁን የሚጠይቀው ለራሱ ነው።

«መንገደኛ ነኛ! የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው መንገዱ ይቃናለታል።»

ልጁ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ ማስረዳት ጀመረ። እጁን እያወራጨ፣ ጽዋውን እንደያዘ ሰው መዳፉን አጥፎ፣ አንዳንዴ እየሳቀ ብዙ ተናገረ። ሴትዮዋ መጻፏን አቁማ አዳመጠችው። በኋላ አንድ ነገር ጠየቀችና ልጁ ወደ እናቴ መለሰው፤ «ጽዋውን ተቀብሎ የሚጠፋ ሰው የለም ወይ? ትላለች።»

እናቴ ጥያቄው አስደነገጣት። «ምን ማለቷ ነው? አንተ ሰምተህ ታውቃለህ ልጄ?»

«የኔም እናት ማኅበርተኛ ናት፤ ሰምቼ አላውቅም» አለና ይህንንም ተረጎመው።

ተራው የኔ ሆነ። እኔ እንኳን ላመነታ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የምመልሰው። በእንግሊዝኛ፣ በልበ ሙሉነት፣ «ያለ ጥርጥር እመለሳለሁ» አልኩ። ስለጉዞው ስትጠይቀኝ አምስቱን ቀን ድልድይ በድልድይ፣ ጠባብ መንገድ በጠባብ መንገድ ዘረዘርኩላት። የዳቦ ቤቱን መዝጊያ ሰዓት ሳይቀር ነገርኳት። ሴትዮዋ ቅንድቧን አነሳች።

«ከዚህ በፊት ሄደው ያውቃሉ?»

«በፍጹም።»

«በደንብ ነው የሚያውቁት» አለችና ጻፈች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መልሱ መጣ። ለእናቴ ተፈቀደላት። የኔ ወረቀት «ወደ አገርዎ ስለመመለስዎ እርግጠኛ መሆን አልቻልንም» ይላል። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ በዚያ ላይ የቬኒስን ጓዳ ጎድጓዳ በቃሌ ይዣለሁ፤ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እኔን አልፈቅድልኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። ወረቀቱን ተቀብለን ከኤምባሲው እንደወጣን መንገዱ ዳር መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ቆይቼ ግን ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። አልደብቅም፣ አምርሬ አለቀስኩ። እናቴ በነጠላዋ ፊቴን እየጠረገች «አልሄድም» አለች። «አንች ሳትኖሪ ምኑን አየዋለሁ?»

«ማኅሌትን ታያታለሽ» አልኳት።

ማኅሌትን ካየቻት ዘጠኝ ዓመት ሆኖ ነበር። ሄደች።

አሁን የምነግራችሁ ለማመን ይከብዳል። ማኅሌት ከቬኒስ በባቡር አንድ ሰዓት በማይፈጅ ቦታ እየኖረች ሥራዋ አላስወጣ ብሏት ከተማውን አይታው አታውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከባቡር ጣቢያ ወጥተው ሁለት ጊዜ ከታጠፉ በኋላ ጠፉ። እኔ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ፣ ኢንተርኔት ደኅና በሚይዝበት ጥግ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ምስሉ ሲከፈት እናቴ ነጭ በነጭ ለብሳ አንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ቆማለች።

«ትርንጎ፣ የት ነው ያለነው?» አለች ማኅሌት ልታለቅስ ደርሳ።

ስልኩን ወደ ግድግዳው እንድታዞር ነገርኳት። ቦታውን በአንድ እይታ አወቅሁት። «ወደ ግራ ታጠፊ፤ ትንሽ ድልድይ አለ፤ ተሻገሪው፤ ዳቦ ቤት ታገኛለሽ፤ ከእሱ ፊት ለፊት አግዳሚ አለ፤ እማዬን አስቀምጫት።» ሄዱ። ድልድዩ አለ። ዳቦ ቤቱ አለ። እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ «እግዜር ይስጥሽ» ስትለኝ እኔ ደብረ ታቦር ላይ ሆኜ ዘለልኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ የማስጎበኘው እኔ ሆንኩ። ተማሪዎቼ ነገሩን ሰምተው እየመጡ ይከቡኝ ጀመር። በመጨረሻ «በቃ፣ የተግባር ትምህርት ነው» ብዬ ስልኩን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኘሁትና ክፍሉ በሙሉ እናቴን ቬኒስ ውስጥ ሲከተላት ሰነበተ።

ፕሮግራሜ ግን እዚያም አልተከበረም። እናቴ በየደጁ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ጎንበስ እያለች «እንዴት ዋላችሁ?» ትላቸዋለች። እነሱም በራሳቸው ቋንቋ ረጅም ረጅም ነገር ይመልሱላታል። አንዲት አሮጊት ጉልበቷን እያሳየቻት የሆነ ነገር ስታማርር እናቴ የራሷን ጉልበት አሳየቻት። ቆመው ተወያዩ። ማኅሌት ምን እንደተባባሉ ልትተረጉም ብትሞክር «ተይን፣ ተግባብተናል» አለቻት። በሶ አውጥታ ለአሮጊቷ በመዳፏ ሰጠቻት። አሮጊቷ ቀመሰችና አጨበጨበች። ተማሪዎቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ማርቆስ ጋ የሆነው ግን ከሁሉ ይብሳል። ማኅሌት ወረፋው ላይ ስልኩን እንደያዘች ነው። በሩ ጋ ሲደርሱ እናቴ አማተበች፣ ጎንበስ አለች፣ ጫማዋን አወለቀች፤ ከደጃፉ ዳር አስተካክላ አስቀምጣ በባዶ እግሯ ገባች። ከኋላዋ የነበሩ ሽማግሌ ባልና ሚስት ፈረንጆች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሰውየው ማሰሪያውን ይፈታ ጀመር። ሚስቲቱም ተከተለች። ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሴቶች ደንቡ ይሆናል ብለው አወለቁ። ጥበቃው ዞር ሲል በቅዱስ ማርቆስ ደጃፍ ላይ ጫማ ተደርድሮ እንደኛ አገር ደጀ ሰላም ሆኖ አገኘው። እጁን እያወናጨፈ መጣ፤ ማኅሌት ይቅርታ ልትጠይቅ ስትሮጥ ስልኩ ጣራውን ብቻ ያሳየን ጀመር። ወርቅ ነው ጣራው። ክፍሉ ውስጥ በሳቅ የተነሳ ማንም ወርቁን አላየውም።

የመጨረሻው ቀን የጀልባው ተራ ነበር። ይህን ጉዞ ከሁሉ አብልጬ የጓጓሁለት እኔ ስለነበርኩ ያን ቀን ክፍል ውስጥ አላሳየሁም፤ ብቻዬን ግቢው ዳር ተቀምጬ ከፈትኩት። ደስ ብሎኛል፤ ግን እዚያ መሆን ነበረብኝ።

ጀልባው የሕዝብ ነው፤ ሰው ጢም ብሎበታል። እናቴ ከፊት በኩል፣ ውሃው በደንብ በሚታይበት ቦታ ተቀምጣለች። ማኅሌት ግን ቆማ ነው የምትቀርጸው። ከእናቴ ጎን ያለው ወንበር ላይ ነጠላዋ ተዘርግቷል።

«ማኅሌት፣ ለምን አትቀመጭም?» አልኳት።

«ከለከለችኝ» አለች እየሳቀች።

አንድ ግዙፍ ሰው ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። ወንበሩን በጣቱ እያመለከተ በትሕትና ጠየቀ። እናቴ መዳፏን ነጠላው ላይ አሳረፈች።

«ሰው አለው» አለችው።

ማኅሌት ፊቷ ቀልቶ ተረጎመችለት። ሰውየው ግራ ቀኝ አየና «የታለ?» እንደማለት እጁን ዘረጋ። እናቴ ስልኩን ከማኅሌት እጅ ወስዳ ወደ እሱ አዞረችው።

«ያችውና፣ ልጄ። የሷ ቦታ ነው።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየኝ። ዓይኔ እንባ ሞልቶት፣ አፌ እየሳቀ፣ ከኋላዬ የኮሌጁ ባሕር ዛፍ። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳኝና ዕቃውን የጀልባው ወለል ላይ አድርጎ ቆመ። እናቴ ስልኩን ነጠላው ላይ አስደግፋ ፊቴን ወደ ውሃው መለሰችልኝ። እየመራኋቸው የሰነበትኩት ሰው አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ውሃውን አየሁ።

እናቴ ለጥቅምት ማርያም ደርሳ ማኅበሩን በወጉ አወጣች። እኔ ዘንድሮ እንደገና አመልክቻለሁ፤ መልሱ ገና ነው። ከከለከሉኝ አዝናለሁ፤ አላዝንም ብዬ አልዋሽም። ግን እንደ አምናው መንገድ ዳር ቆሜ የማለቅስ አይመስለኝም። ያ ጀልባ ስንት ቦታ ቆሞ ስንት ሰው ጫነ፤ ሁሉም ቆሞ ሄደ። እኔ ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ነበር።